ዳኛው ጀርባውን የሰጠው ለማን ነው? የአምስተርዳም የሞት ፍርድ አዳራሽ በመዳብ ሥዕል

ቀለም ወዳዱ (ክሩን የከፈተ) · ማክሰኞ ማታ

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ሰሞኑን አንድ የድሮ ሥዕል እንቅልፍ ነስቶኛል። ሥዕል ስላችሁ በቡሩሽ የተቀባ አይደለም። መዳብ ላይ ተቀርጾ ወረቀት ላይ የታተመ ነው። የአምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት ሲሠራ የእብነ በረድ ቅርጻ ቅርጹን የያዘው አርቱስ ኬሊኑስ የሚባል የአንትወርፕ ሰው ነበር። ወንድሙ ሁበርት ደግሞ እሱ የሠራውን እየተከተለ መዳብ ላይ አሰፈረው። የመጀመሪያው መድበል በ1655 ታተመ፣ ሁለተኛው በ1663። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ ኋላ እንዳንጣላ።)

እኔን የያዘኝ የፍርድ አዳራሹ ነው። ደቾቹ ፊርስኻር ይሉታል። ምድር ቤት ነው ያለው፣ ልክ በአደባባዩ በኩል። ምርመራውም ክርክሩም ሌላ ክፍል ነው የሚያልቀው። ይኼኛው ክፍል አንድ ሥራ ብቻ ነበረው። የሞት ፍርድ ይነበብበታል።

አሁን ግድግዳውን እዩልኝ። ሦስት ትልልቅ ቅርጾች አሉ። መሀል ላይ ሰሎሞን ነው፤ ሕፃኑ፣ ሰይፉ፣ ሁለቱ እናቶች። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በአንድ በኩል ዛሌውኩስ አለ። የሎክሪ ሕግ አውጪ ነው፣ የዛሬዋ ደቡብ ጣሊያን። ያመነዘረ ሰው ሁለት ዓይኑ ይውጣ ብሎ ደነገገ። በሕጉ መጀመሪያ የተያዘው የገዛ ልጁ ሆነ። ሰውየው ምን አደረገ? ከልጁ አንድ ዓይን፣ ከራሱ አንድ ዓይን አስወጣ። ሕጉም አልተሻረ፣ ልጁም አልታወረ። በሌላ በኩል ብሩቱስ ነው። ቄሳርን የወጋው አይደለም፤ ከሱ በፊት የነበረው፣ የሮም ሪፐብሊክ ሲቆም መሪ የሆነው። ልጆቹ ንጉሡን ለመመለስ ሲያሴሩ ተያዙ። ራሱ ፈረደባቸው፣ ቆሞም አስገደላቸው።

በቅርጾቹ ግራና ቀኝ ደግሞ አራት ሴቶች እንደ ምሰሶ ቆመዋል። ሁለቱ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነዋል። ማየት ያልፈለጉት ነገር ያለ ይመስላል።

ከዚህ ሁሉ ሥር አግዳሚ አለ። ዳኞቹ የሚቀመጡት እሱ ላይ ነው። ታዲያ ጥያቄዬ ይቺ ናት። ዳኞቹ ለሰሎሞን ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሚቀመጡት። የማያዩት ነገር ለማን ብሎ ነው የተቀረጸው?

---

የሸገር ልጅ

ኧረ ሰሎሞንን እዚያም ደርሰን አገኘነው! ሰውየው የማይገባበት አገር የለም ቂቂቂ። ከምር ግን፣ የዚያ ዘመን ጥበብ ባሮክ ነው ሲሉ እሰማለሁ፤ ባሮክ ማለት ወርቅ በወርቅ የሆነ፣ መልአክ የሚንጋጋበት ጣሪያ አይደል እንዴ? ይኼ ቤት ከውጭ ሲያዩት ደረቅ ነው። ሳጥን ነው የሚመስለው።

---

ወለል · አርክቴክት ነኝ፣ አትፍረዱብኝ

@የሸገር ልጅ ልክ ነህ፣ ግማሽ በግማሽ። ሕንፃውን የነደፈው ያኮብ ፋን ካምፐን ነው። እሱ ሥርዓት ወዳድ ነበር። መስኮት በመስኮት ላይ፣ መስመር በመስመር ላይ፣ ሁሉም በልኩ። ቅርጻ ቅርጹን የሠራው ኬሊኑስ ግን የአንትወርፕ ልጅ ነው፣ የባሮኩ ሠዓሊ የሩበንስ አገር። ሮምም ተምሯል። ስለዚህ ግድግዳው ክላሲክ ነው፣ የጥንት ግሪክና ሮምን ሥርዓት የተከተለ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሥጋና ልብስ ባሮክ ነው። ሥጋው ይርገበገባል፣ ግድግዳው ዝም ብሏል። ለእኔ የቤቱ ውበት እዚህ ላይ ነው።

ስለ ቤቱ ትንሽ ልበል፣ አንዴ ከጀመርኩ አላቆምም። መሬቱ ረግረግ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ግንድ ተከሉ። ስንት መሰላችሁ? 13,659። የዚያ አገር ልጆች ቁጥሩን የሚይዙበት ዘዴ አላቸው። የዓመቱን ቀናት 365 ውሰድ፣ ከፊቱ 1 ጨምር፣ ከኋላው 9። አለቀ። ፍትሕ ጭቃ ላይ ቆመች እንዳይባል ደን ሙሉ እንጨት ከሥሯ ቀበሩላት።

ሌላው ደግሞ በሩ ነው። ይህን የሚያህል ቤት ትልቅ መግቢያ የለውም! ፊት ለፊት ሰባት ትንንሽ ቅስቶች ብቻ ናቸው። የሰባቱ የኔዘርላንድ ግዛቶች ምሳሌ ነው ይላሉ። ሕዝብ ቢነሣ በትንሽ በር ቶሎ አይገባም፣ ለዚያ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱንም አምናለሁ። ሥልጣን ምሳሌም ይወዳል፣ ነፍሱንም ይወዳል።

ምሰሶ ስለሆኑት ሴቶች። እኛ ካርያቲድ እንላቸዋለን። ቪትሩቪየስ የሚባለው የሮም አርክቴክት ታሪካቸውን ጽፎታል። ካርያይ የምትባል የግሪክ ከተማ ከፋርሶች ጋር አበረች። ግሪኮቹ ሲያሸንፉ ወንዶቹን ገደሉ፣ ሴቶቹን ባሪያ አደረጉ። አርክቴክቶቹ ደግሞ ቅጣቱ ለዘላለም እንዲታይ ብለው ሸክም ተሸክመው ቀረጿቸው። ከዚያ በኋላ በስንቱ ቤት ላይ እንደ ጌጥ ቆሙ፣ ታሪካቸው ተረሳ። ኬሊኑስ ግን አልረሳም። ቅጣቱንም ኀፍረቱንም መለሰላቸው። ፊት መሸፈኑ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ጣሪያውን ተሸክሞ የቆመው ኀፍረት ነው፣ በሌላ አነጋገር።

---

ቀለም ወዳዱ

@ወለል አቦ ይመችሽ። ኀፍረት ጣሪያ ተሸክሞ! ይህን አላሰብኩትም ነበር።

---

ጥቁር ቀለም

ሰላም። የሕትመት ሥዕል እሠራለሁ፣ ስለዚህ ከሥነ ሕንፃው ይልቅ ስለ ወረቀቱ ልናገር።

እንዲህ ያለ ሥዕል ሲሠራ መዳቡ ላይ መስመር ይጫራል። ወይ በስለታም መቅረጫ ይቦረቦራል፣ ወይ በሰም ከተሸፈነ በኋላ በመርፌ ተጭሮ አሲድ ይበላዋል። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ቀለም ይቀባል፣ በጨርቅ ይጠረጋል። ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ብቻ ይቀራል። ርጥብ ወረቀት ይደረብበትና በማተሚያው መሀል ያልፋል። ወረቀቱ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ቀለሙን ጠጥቶ ይወጣል። ጣትህን ብታሳልፍበት መስመሩ ጎላ ብሎ ይሰማሃል። እኔ እስከ ዛሬ ወረቀቱን ከሰሌዳው ላይ ስገልጥ ልቤ ይመታል።

ለምን ነገርኳችሁ? የታተመው የተቀረጸው ግልባጭ ነው። ቀኝ ግራ ይሆናል። ጎበዝ ቀራጭ አስቀድሞ ገልብጦ ይቀርጻል፣ ችላ ያለው ደግሞ እንዳለ ይተወዋል። ሰይፍ በግራ እጁ የያዘ ወታደር በድሮ ሕትመት ካያችሁ ግራኝ ነው አትበሉ። ስለዚህ «ዛሌውኩስ በስተቀኝ ስለሆነ ምሕረት ከፍርድ ይበልጣል» ምናምን የሚል ትንታኔ ከሥዕሉ ብቻ አትጀምሩ። መጀመሪያ ግድግዳውን እዩ።

ሁለተኛ። ፊታቸውን የሸፈኑት ሴቶች ላይ አጉሉት። እብነ በረዱ ነጭ ነው። ወረቀቱም ነጭ ነው። ቀራጩ ያለው መሣሪያ ጥቁር መስመር ብቻ ነው። ታዲያ ጣቶቹ ፊት ላይ የሚጥሉትን ጥላ እንዴት ያመጣዋል? መስመር በመስመር ላይ እያቋረጠ። የእጁ ጀርባ ንጹሕ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል። ከጣቶቹ ሥር ግን መስመሩ ይጠጋጋል፣ ይጠቁራል። ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው። ካልታየው ፊት ላይ።

---

ሕግና ሻይ

ጠበቃ ነኝ፣ ልቀላቀል።

ቆንጆ ውይይት ነው ግን ትንሽ ቀዝቀዝ ላድርገው። የዚህ ሁሉ እብነ በረድ ሥራ ማስፈራራት ነው። በቃ። ጥያቄው «ለማን ነው» ከሆነ መልሱ ለተከሳሹ ነው። እስቲ ቦታውን አስቡት። ዳኞቹ ዘጠኝ ናቸው። ተከሳሹ ፊት ለፊታቸው ነው። ከራሳቸው በላይ ምን ያያል? ሰሎሞን። «ከጥበብ ነው የሚፈረድብህ» ይባላል። ብሩቱስን ያያል። «ልጃቸውንም አይምሩ፣ አንተማ ማን ነህ?» ይባላል። ዛሌውኩስን ያያል። ምሕረት አለ፣ ግን ዓይን ያስወጣል። ጨዋታው ይኼው ነው። ዳኛው ሥዕሉን ማየት አያስፈልገውም፣ እሱ ራሱ የሥዕሉ አካል ነው።

እዚያ የተሰቀለ ፍትሕ ዓይኗን ብትሸፍን ይሻላት ነበር። ፍትሕ ከጥንት ዓይኗ የተሸፈነው ለምን ሆነና፣ ሰው እንዳታዳላ አይደል?

---

ጥቁር ቀለም

@ሕግና ሻይ ከጥንት አይደለም ወዳጄ። የጥንት ሮማውያን ፍትሕን ዓይኗን ከፍተው ነው የሠሯት። ዓይኗ ተሸፍኖ ከታየባቸው የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች የሚታወቀው በ1494 ባዝል ከታተመ መጽሐፍ ያለ የእንጨት ቅርጽ ሕትመት ነው። እዚያ ላይ ጨርቁን የሚያስርላት ሞኝ ነው፣ የሞኝ ቆብ ያደረገ። ስላቅ ነበር! ከንቱ ክስ እያበዙ ፍትሕን አሳወሯት ለማለት ነው። ኋላ ላይ ነው ሰው ትርጉሙን ገልብጦ «አለማዳላት ነው» ያለው።

---

ሕግና ሻይ

እሺ ተረታሁ። ስንት ዓመት በቢሮዬ ሐውልት ስኩራራ ኖሬ!

---

ጋሼ ችሎት

ልጆች እንደምን አመሻችሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ዳኛ ነኝ። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ነው የማነበው። ዛሬ ግን ይህች የጀርባ ነገር አስጻፈችኝ።

መጀመሪያ የተመደብኩበት ችሎት አንድ የገጠር ወረዳ ነበር። የዳኛው ወንበር በጣውላ ከፍ ተደርጓል። ጣውላው ስትረግጠው ያለቅሳል። ከኋላዬ ግድግዳው ላይ የዘመኑ መሪ ፎቶ ተሰቅሏል። እኔ ፎቶውን ያየሁት የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ረሳሁት። ጀርባዬ ላይ ነዋ።

ባለጉዳዩ ግን እኔን አያይም ነበር። ስናገረው ዓይኑ ከኔ ራስ በላይ ይሄዳል። አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት «ጌታዬ» ሲሉ ቀና ብለው ነው፣ ወደ ፎቶው። እጅ የነሡት ለሱ ነው። እኔ ከሥሩ የተቀመጥኩ ጸሐፊ ነገር ነበርኩ ማለት ነው።

ኋላ መንግሥት ተለወጠ፣ ፎቶው ወረደ። ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ነጭ ቦታ ቀረ፣ ዙሪያው በጭስና በአቧራ ጠቁሮ። ለብዙ ወር የሚሰቀል አልመጣም። ሰዎቹ ባዶውን ቦታ ማየታቸውን አልተዉም።

ስለዚህ የጠበቃው ልጃችን ነገር ልክ ነው። ግን ግማሹ ነው። ጀርባዬ ላይ ያለውን ማየት ባልችልም ባለጉዳዩ ሲያየው አየዋለሁ። ፊቱ ላይ አነበዋለሁ። ያ የአምስተርዳም ዳኛም ሰሎሞንን የሚያየው በተከሳሹ ዓይን ውስጥ ነው እላለሁ።

---

ቀለም ወዳዱ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ክሩን መክፈቴ ለዚህ ነበር ማለት ነው። ለምን እስካሁን ዝም አሉን?

---

ሕግና ሻይ

ጋሼ፣ በተከሳሹ ዓይን ውስጥ ያሉት ነገር ጥሩ ነው። ግን ተከሳሹ በዚያ ሰዓት ሥዕል የሚያይ ልብ አለው ይላሉ? ሞት እየተነበበለት?

---

ጋሼ ችሎት

ልጄ፣ ያያል። ፍርድ ሲነበብ ሰው የማያየው ነገር የለም። ቁልፌ ላይ የተንጠለጠለ ክር ሳይቀር የቆጠረብኝ አለ።

---

ወይዘሮ ድርና ማግ

ቤቱን ጎብኝቼዋለሁ። ሁላችሁ የሞቱን ክፍል ብቻ ይዛችሁ ቀራችሁ። ፎቅ ላይ የኪሣራ ክፍል አለ፣ የከሰሩ ሰዎች ንብረት የሚጣራበት። ሄዳችሁ በሩን እዩት። ከበሩ በላይ ኢካሩስ ከሰማይ እየወደቀ ነው፣ በሰም ክንፍ በርሬ ፀሐይ እነካለሁ ያለው። ከሱ በላይ ደስ የሚለኝ ግን ጌጡ ነው። እንደ አበባ ጉንጉን የተሠራ ነው፤ ስትጠጉ ግን አበባ አይደለም። ባዶ የገንዘብ ሣጥን ነው፣ ያልተከፈለ የብድር ወረቀት ነው፣ በመሀሉ አይጦች እየተሯሯጡ ወረቀቱን ይበላሉ። እብነ በረድ አይጥ! ነጋዴ ሆኜ ሳየው ሆዴን ነው የቆረጠኝ።

በዚያ ክፍል እጅ የገባው አንድ ሰው ሠዓሊው ሬምብራንት ነው። በ1639 በ13,000 ጊልደር ትልቅ ቤት ገዛ። ዕዳው ገፍቶ ገፍቶ በ1656 ንብረቴን አስረክባለሁ ብሎ አመለከተ። የክፍሉ ጸሐፊዎች ቤቱ ገብተው ዕቃውን ዘረዘሩ። 363 መስመር ወጣው። ሥዕል፣ ሐውልት፣ የጦር መሣሪያ፣ ዛጎል ሳይቀር። ማዘጋጃ ቤቱ ከተመረቀ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ሠዓሊው አይጦቹን ሲያያቸው ምን ብሎ ይሆን? አናጢ የአናጢን እጅ ያውቃል፤ መቼም «ጎበዝ ቀራጭ ነው» ማለቱ አይቀርም።

---

የሸገር ልጅ

ይህን አይጥ የሆነ ባንክ በር ላይ መስቀል ነበር።

---

ወለል

@ወይዘሮ ድርና ማግ እትዬ፣ ካነሡትማ አይቀር የጸሐፊው ቢሮ በርም አለ። እዚያ ላይ አንዲት ሴት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋለች፣ ዝም በል ዓይነት። ከጎኗ ደግሞ የሞተ ጌታውን የሚጠብቅ ውሻ አለ። ምስጢር ጠብቅ፣ ታማኝ ሁን ነው ነገሩ። እንግዲህ ይህ ቅርጽ ለተከሳሽ አይደለም። በየቀኑ በዚያ በር ለሚገባው ጸሐፊ ነው።

ከትልቁ አዳራሽ ወደ ዳኞቹ ክፍል በሚያስገባው በር ላይም ፍትሕ ተቀምጣለች። ከእግሯ ሥር ሚዳስ፣ የግሪክ ተረቱ ወርቅ ወዳድ ንጉሥ፣ የአህያ ጆሮውን ይዞ ተረግጧል፣ ስስት ማለት ነው። ቅናትም አብራው ተረግጣለች። በአንድ ጎኗ ሞት ቆሟል፣ አጥንት ብቻ። በሌላው ቅጣት። ዳኛው ወደ ሥራው ሲገባ በዚህ ሥር ያልፋል። @ሕግና ሻይ ይኼስ ለተከሳሹ ነው? ይኼ ለዳኛው ነው። ጉቦ በላሁ ካልክ የአህያ ጆሮህን አዘጋጅ ነው የሚለው።

በሩ ላይ ሲሆን ለሚገባው ሰው ነው፣ ከጀርባ ሲሆን ፊት ለፊት ለቆመው። ሕንፃ ሲነበብ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምልክቱ ምንድነው ሳይሆን ሰው የት ቆሞ ያየዋል ነው።

---

ሕግና ሻይ

@ወለል ይኼን እቀበላለሁ። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ከዳኞቹም በላይ የሚያይ ነበረ። አራቱ ከንቲባዎች ፎቅ ላይ ነበር ክፍላቸው። ከዚያ ወደ ፍርዱ አዳራሽ ቁልቁል የሚያይ መስኮት አላቸው። ሰሎሞን ተከሳሹን ያያል፣ ዳኛው ተከሳሹን ያያል፣ ከንቲባው ደግሞ ሁሉንም ያያል። በመዳቡ ሥዕል ላይ ግን ሥልጣን የሚታየው በሰሎሞን ዙፋን ነው። እውነተኛው ሥልጣን መስኮቱ ኋላ ነው ያለው።

---

ደብተራው ልጅ

የመዳብ ሥዕሉን ተውኩትና ወደ ጎረቤት አገር ልወስዳችሁ ነው፣ ታገሡኝ።

ጀርመን፣ ጎታ ከተማ። ሄርዞግ (መስፍን በሉት) ኤርንስት ፍሪደንሽታይን የሚባል ግንብ አሠራ። ሥራው የተጀመረው በ1643 ነው፣ የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ገና ሳያልቅ። ስሙ እንደ ፍቺው የሰላም ድንጋይ ነው። በር ላይ ሁለት ሴቶች ተቀርጸዋል፣ ሰላምና ፍትሕ፣ እየተሳሳሙ።

ለምን መሳም? ከመዝሙረ ዳዊት ነው የመጣው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን «ጽድቅና ሰላም ተስማሙ» ይላል። ስምምነት ብቻ ይመስላል። ግዕዙን ክፈቱት እስቲ። «ሣህል ወርትዕ ተራከባ፣ ጽድቅ ወሰላም ተሰዓማ።» ተሰዓማ! ሰዐመ ማለት ሳመ ነው። ተሳሳሙ ነው የሚለው። አማርኛው በጨዋነት አለፈው።

አሁን ወደ ራሳችን። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደዚያው ግንብ መጡ። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ግዕዝና አማርኛ የተማረባቸው የአማራው መነኩሴ። ሄርዞጉ ነው የጋበዛቸው። አምስተርዳም የኬሊኑስ መዶሻ ሲጮህ የኛ ሰው ጎታ ተቀምጠው ስለ ኢትዮጵያ ሕግና ልማድ ይጠየቁ ነበር። ዳዊትን በቃላቸው ለሚያውቅ መነኩሴ ያ በር ትርጓሜ አያስፈልገውም።

---

ጋሼ ችሎት

ደብተራው፣ ተባረክ። ተሰዓማ። ዳዊት ስደግም ስንት ዓመት አለፍኳት።

---

የሸገር ልጅ

አንድ ነገር አልገባኝም። ፊርስኻር ምን ማለት ነው? ስሙ እንደ ማስነጠስ ነው።

---

ቀለም ወዳዱ

አራት አግዳሚ ማለት ነው። ዱሮ ፍርድ ሜዳ ላይ ነበር የሚሰጠው። አራት አግዳሚ በአራት ማዕዘን ይደረጋል፣ ዳኞቹ ይቀመጣሉ፣ ሕዝቡ ዙሪያውን ይቆማል። የእኛ ዋርካ በሉት። የሞት ፍርድ ደግሞ ከተዘጋ በር ኋላ መነገር የለበትም የሚል ልማድ ነበራቸው። ስለዚህ ከተማዋ ሀብታም ሆና ፍርዱ እብነ በረድ ውስጥ ሲገባም ክፍሉን አልዘጉትም። በአደባባዩ በኩል ያሉት መስኮቶች ፍርግርግ ብቻ ናቸው። ዓሣ ሲገዛ የነበረ ሰው ዘንቢሉን ይዞ ቆሞ ማየት ይችላል። በሥዕሉ ላይ የማይታየው ይኼ ነው። ኬሊኑስ ግድግዳውን ብቻ ነው የሰጠን። ከፊቱ የሚጋፋው ሕዝብ የለም፣ ጫጫታው የለም።

ዋርካውን ወደ ቤት ማስገባት ቀላል አይደለም ብቻ።

---

ሕግና ሻይ

ስለ ተከሳሽ ብዙ አወራን፣ ስም አልጠራንም። አንዷን ልጥራ። ኤልስዬ ክሪስቲያንስ። የዴንማርክ ልጅ ናት፣ 18 ዓመቷ። በ1664 ሥራ ፍለጋ አምስተርዳም መጣች። ሁለት ሳምንት እንኳ በቅጡ አልቆየችም። ኪራይ መክፈል አቃታት፣ አከራይዋ ጨቀጨቀቻት፣ በመሀሉ ጠብ ተነሣ። ልጅቷ መጥረቢያ አነሣች። አከራይዋ ሞተች።

በዚያ ክፍል ነው የተፈረደባት። ከፊቷ ሰሎሞን፣ ብሩቱስ፣ ዓይኑን የሚያስወጣው አባት። አባቶችና ንጉሥ ብቻ። ለልጆች የሚፈርዱ አባቶች። እሷ በዚያ ከተማ አባትም እናትም የላትም።

በአደባባዩ ላይ በግንድ ታስራ ታነቀች፣ ራሷን በዚያው መጥረቢያ መቷት። ሬሳዋን በጀልባ ከውሃው ማዶ ወስደው ቮለዌይክ የሚባል ቦታ ላይ ሰቀሉት፣ መጥረቢያውንም ከጎኗ። ሬምብራንት ሄዶ ሣላት። በዚያን ጊዜ ቤቱም ዕቃውም ተሸጦበታል። ሥዕሉ ዛሬ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው። በጣም ትንሽ ወረቀት ናት። ዙሪያዋ ምሰሶ የለም፣ ቅስት የለም፣ ሚዛን የያዘ የለም። ቀሚሷ በገመድ ታስሯል። እጆቿ ተንጠልጥለዋል።

ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጡልኝ። የኬሊኑስን ግድግዳና ይህችን ወረቀት።

---

ወይዘሮ ድርና ማግ

እናቷ ሰምታ ይሆን?

---

ከአምስተርዳም · ከዚህ በፊት አንብቤ ብቻ የማልፍ

ሰላም። እዚሁ ነው የምኖረው፣ አሥራ አንድ ዓመቴ። በአደባባዩ በቀን ሁለቴ አልፋለሁ። አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም ነበር። የንጉሡ ቤት ነው ብዬ ነው። ማዘጋጃ ቤት እንደነበረ እንኳ አላውቅም። ከ1808 ወዲህ ነው ቤተ መንግሥት የሆነው፣ የናፖሊዮን ወንድም መጥቶ ሲገባበት። ንጉሥ የሌላቸው ሰዎች ለራሳቸው የሠሩት ቤት የንጉሥ ሆኖ ቀረ።

ይህን ክር አንብቤ ቅዳሜ ገባሁ። የፍርዱ ክፍል ከጠበቅኩት ያንሳል። ቀዝቃዛ ነው፣ በሰኔም። @ጥቁር ቀለም ያልከውን ይዤ በቀጥታ ወደ ሴቶቹ ነው የሄድኩት። ጣቶቹ ፊቷ ውስጥ ገብተዋል፣ ጉንጯን ትንሽ ይጫኑታል። ድንጋይ አይመስልም።

ከዚያ ጋሼ ችሎት ያሉት ትዝ አለኝና ተከሳሹ የሚቆምበት ይሆናል ብዬ በገመትኩት ቦታ ቆምኩ። ወደ ሰሎሞን አየሁ። ቀና ማለት ያስፈልጋል። ቀና ስትል አንገትህ ይገለጣል።

ዞር ስል መስኮቶቹ። ውጭ አደባባዩ ነው። አንድ ትንሽ ልጅ ፍርግርጉን ይዞ በጥብስ ድንች ቅባት የራሰ አፉን አስጠግቶ ወደ ውስጥ ያያል። እናቱ ትጠራዋለች፣ አይሰማም። ዓይን ለዓይን ገጠምን። እኔን ይሆን፣ ከኋላዬ ያለውን ይሆን የሚያየው፣ አላወቅኩም።